ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የማይከፈት ድስት

በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ሰባት ጊዜ ከፈትሁት። ወጥ እያማሰልሁ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ድስት ጥጄ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆንልህ አለኝ። በከፈትሁት ቁጥር እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል፤ ስጋው ደግሞ በቀጭን መረቅ መካከል ግራጫ መስሎ ተኝቷል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያወጣሁት የተቀቀለ ስጋ እንጂ ያሰብሁት ባርባኮዋ የሚባለው የሜክሲኮ የስጋ ምግብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚሁ የኤሌክትሪክ ድስት አምስት ጊዜ ሠርቻለሁ። የት ላይ እንደሚያኮራና የት ላይ እንደሚያሳፍር ለይቼ ስላወቅሁ አሁን ስለ እርሱ ብጽፍ ሰው አላሳስትም።

ዕቃው ብዙዎቻችን ስሎው ኩከር የምንለው፣ በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ነው። የእኔ ስድስት ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ቅርጹ ሞላላ ነው። ውስጡ የሚወጣና የሚገባ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ሸክላ አለ፤ ክዳኑ መስታወት ነው። ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ማቆያ የሚባሉ ሦስት የሙቀት ደረጃዎች አሉት፤ የተሞላለት ሰዓት ሲያልቅ ራሱ ወደ ማቆያው ይዞራል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኸኛው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባለው ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገብቼ ከንጋቱ አንድ ሰዓት እወጣለሁ። ስመለስ ምድጃ ሥር ለመቆም አቅም የለኝም፤ ልጆቼ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚበሉት ይፈልጋሉ።

ባርባኮዋን ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። የመጣችው ከሜክሲኮ ከኢዳልጎ ግዛት ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ አገሯ ደንብ ዶኛ እላታለሁ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። እርሷ ደግሞ ሚሃ ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። በእርሷ አገር ባርባኮዋ የበግ ስጋ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በውስጡ እንጨት ነድዶ ድንጋዩ ይግላል። ከዚያ ማጌይ የሚባለው ተክል ረጃጅም ወፍራም ቅጠሎች በእሳት ለስልሰው ይነጠፋሉ፤ ስጋው በእነርሱ ተሸፍኖ ሌሊቱን ያድራል። ከሥሩ በተቀመጠው ድስት ውስጥ መረቁ እየተንጠባጠበ ከሽንብራና ከሩዝ ጋር ይበስላል። እሑድ ማለዳ ጉድጓዱ ሲከፈት ሰው ቶርቲያውን፣ ስሱን የበቆሎ ቂጣ፣ ይዞ ይሰበሰባል። ይህን ስትነግረኝ የእናቴ አገር ጉራጌ ታየኝ፤ ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ የሚከርምበት፣ በቅጠል ተሸፍኖም የሚጋገርበት። እሳትና ቅጠል እንዴት እንደሚዋደዱ ሁለቱም ሕዝብ ያውቃል።

ዶኛ ግን አላባበለችኝም። «ያለ ጉድጓድ ባርባኮዋ የለም ሚሃ፤ አንቺ የምትሠሪው ዴሴብራዳ ነው» አለችኝ። ዴሴብራዳ ማለት ክር ክር ተደርጎ የተለያየ ስጋ ነው። በሰሜን ሜክሲኮና በቴክሳስ ከበሬ ጭንቅላት የሚሠራ ባርባኮዋም አለ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው በዚህ ስም የሚያውቀው ግን በቺፖትሌ በርበሬ፣ በኮምጣጤና በቅርንፉድ የበሰለውን የበሬ ስጋ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እዚሁ ዴንቨር ተነሥቶ አገሩን ያዳረሰው የቺፖትሌ ምግብ ቤት ትልቅ ድርሻ አለው። እኔም የምገመግመው ድስቱን በዚህኛው ምግብ ነው።

ስጋውን በመምረጥ ልጀምር። በመጀመሪያው ቀን የገዛሁት ቀይ፣ ጮማ የሌለው የታፋ ስጋ ነበር። ለጥብስ የለመደ ዓይን ንጹሕ ስጋ ነው የሚያየው። ለዚህ ድስት ግን እንዲህ ያለው ስጋ አይሆንም፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር እየደረቀ ሄዶ አፍ ውስጥ እንደ ገለባ ይሆናል። የሚፈለገው ወርች የምንለውና እስከ አንገት ያለው የትከሻ ስጋ ነው፤ በመካከሉ ነጭ ጅማትና የስብ መስመር ያለበት። ያ ጅማት ኮላጅን ነው። ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ቀስ በቀስ ይቀልጥና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ መረቅ ይሆናል፤ ስጋው በክር በክር የሚለያየውም ያያዘው ነገር ስለሚቀልጥ ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የሜክሲኮ ስጋ ቤት አንድ ኪሎ ተኩል የትከሻ ስጋ እገዛለሁ። ቤት ስደርስ በአራት ትልልቅ ቁራጭ ከፍዬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አሽቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በረዶ የሆነ ስጋ በቀጥታ እንዳይገባ፤ ድስቱ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ስለሆነ ስጋው ለጤና በማይመች ሙቀት ላይ ብዙ ይቆያል።

በርበሬውን በሚመለከት ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ። እኛ በርበሬ የምንለው ተክል ዘሩ ከእነርሱ ምድር ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ የዶኛን ዛላዎች ከረጢት ስከፍት ዘመድ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ጓሂዮ ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ቀይነቱ የጠለቀ ነው፤ ብዙም አያቃጥልም፤ ቀለሙን የሚሰጠው እርሱ ነው። አንቾ ሰፊና የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ነው፤ ፖብላኖ የሚባለው በርበሬ በስሎ ሲደርቅ የሚገኝ ነው፤ እንደ ዘቢብ ጣፈጥ ይላል። ቺፖትሌ ደግሞ ቀልቶ የበሰለ ሃላፔኞ የሚባል በርበሬ በጭስ ሲደርቅ የሚወጣው ነው፤ ስሙ ራሱ ናዋትል በሚባለው የሜክሲኮ ነባር ቋንቋ የጨሰ በርበሬ ማለት ነው። ቺፖትሌውን በአዶቦ፣ ማለትም በኮምጣጤና በቅመም መረቅ፣ የተቀመጠ በቆርቆሮ እገዛለሁ። እኔ የለመድሁት ላ ኮስቴኛ የሚባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ያለ የሜክሲኮ ድርጅት ነው። ትንሿ ቆርቆሮ 7 አውንስ ናት፤ ወደ 200 ግራም መሆኗ ነው። በርበሬው ሳይፈርስ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ መረቁ ወፍራም፣ ኮምጣጤው የተመጠነ ነው። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ሙከራዬ የተበላሸው በዚህ ቆርቆሮ ነው። በርበሬ አይፈራንም ብዬ ሙሉውን ገለበጥሁት። ማቃጠሉን ቻልነው፤ ያልቻልነው ጭሱን ነበር። ስጋው፣ ሽንኩርቱ፣ ቅመሙ ሁሉ አንድ የጭስ ጣዕም ሆነ፤ ልጄ «እማዬ፣ ምድጃ ምድጃ ይላል» አለችኝ። አሁን ሦስት ፍሬና ሁለት የሾርባ ማንኪያ መረቁን ብቻ አስገባለሁ፤ የቀረውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ በረዶ ቤት አስቀምጣለሁ። ከእርሱ ጋር ሦስት ጓሂዮና ሁለት አንቾ፤ ፍሬያቸውን አራግፌ በደረቅ መጥበሻ ላይ አገላብጣቸዋለሁ። ጥቂት ሰከንድ ብቻ። ሽታው ከፍ ሲል ማውጣት ነው፤ ካረረ ይመርራል፤ የመረረ በርበሬ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ምሬቱን ለስጋው ሲያካፍል ያድራል። ከዚያ በሙቅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል።

የሜክሲኮ ኦሬጋኖ የሚሉትን ቅጠል ዶኛ በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ ነው የሰጠችኝ። በመዳፌ መካከል አድርጌ አሸት አሸት አደረግሁትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ባለሁበት ቀረሁ። ኮሰረት ነው! በእናቴ ጓሮ ከአጥሩ ሥር የነበረው፤ ለመስቀል ቅቤ ሲነጠር በእፍኝ የሚጨመረው፤ የክትፎው ሽታ። ከኮሰረት ትንሽ ይሻክራል፣ ወደ ሎሚም ይቀርባል እንጂ ሽታው የአንድ ቤት ልጅ ነው። ኋላ ሳነብ እውነትም ዘመዳሞች ሆነው አገኘኋቸው፤ የሜክሲኮው ኦሬጋኖና የእኛ ኮሰረት ሁለቱም ሊፒያ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ናቸው። በየሱቁ የሚሸጠው የጣሊያን ኦሬጋኖ ግን ሌላ ዘር ነው፤ ለዚህ ስጋ አይመቸውም። ስለዚህ የሜክሲኮውን ያጣ ሰው ኮሰረት ካለው አይጨነቅ። ሞክሬዋለሁ፤ እንዲያውም ይበልጥ ወድጄዋለሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ስጋውን በወረቀት አድርቄ፣ በከባዱ የብረት መጥበሻ ላይ በጥቂት ዘይት ሁሉንም ጎኑን ቡናማ እስኪሆን አጠብሰዋለሁ። ይህን ደረጃ መዝለል ያምራል፤ የማሽኑ መመሪያም ሁሉንም ጨምሮ መዝጋት እንደሚቻል ይናገራል። እኔ ግን አልዘልም። ድስቱ ከመፍላት በላይ ስለማይሞቅ ያንን የጥብስ ጣዕም በራሱ አያመጣውም። በዚያው መጥበሻ አንድ ቀይ ሽንኩርትና ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት አጠቁራለሁ። እነዚህን፣ የተዘፈዘፈውን ዛላ፣ ቺፖትሌውን፣ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፖም ኮምጣጤና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ከግማሽ ኩባያ መረቅ ጋር መፍጫ ውስጥ ከትቼ አልማለሁ። ግማሽ ኩባያ ብቻ! ክዳኑ እንፋሎቱን ስለማያስወጣ የገባው ውኃ ሁሉ እዚያው ይቆያል፤ ስጋው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ኩባያ ውኃ የጨመርሁበት እጅ የወጥ እጅ ነበር።

ከዚያ ይዘጋል። አንድ ጊዜ በከፈትሁ ቁጥር የወጣው ሙቀት እስኪመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሄዳል፤ ሰባት ጊዜ ስከፍት ስንት ሰዓት እንዳባከንሁ አስቡት። በዝቅተኛው ዘጠኝ ሰዓት እሰጠዋለሁ። ብዙ ሰው ስምንት ይላል፤ ኦሮራ ግን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጅማቱ ለመቅለጥ ይዘገያል። አዲስ አበባ ላይ የሚሞክር ሰው ከዚህም በላይ ጊዜ ይጨምርበት። በከፍተኛው አምስት ሰዓትም ሞክሬ ነበር። በብዙዎቹ ድስቶች ሁለቱም ደረጃዎች በመጨረሻ የሚደርሱበት ሙቀት ይቀራረባል፤ የሚለያቸው እዚያ ለመድረስ የሚወስዱት ጊዜ ነው። ለዚህ ስጋ ግን ዝግታው ራሱ ይጠቅመዋል፤ በችኮላ የበሰለው ዳር ዳሩ ደርቆ መካከሉ ይታገል ነበር።

ሲከፈት አትሩጡበት። ስጋውን በሁለት ጭልፋ ደግፌ ወደ ሰፊ ትሪ አወጣዋለሁ፤ ካልደገፉት መንገድ ላይ ይፈርሳል። አሥር ደቂቃ ያርፋል። ከዚያ በሁለት ሹካ። አንዱን ሹካ ተክሎ በሌላው ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ስጋው በራሱ መስመር ይከፈታል፤ ከውስጥ የታመቀው እንፋሎት ብልጭ ብሎ ይወጣና ቀዩ መረቅ በነጣው ክር መካከል እየሰረገ ይገባል። በጣም እንዳይደቅቅ ተጠንቀቁ፤ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ክር ጥሩ ነው። ከመረቁ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ እገፍፋለሁ። መረቁን ወደ ሌላ ድስት ገልብጬ ምድጃ ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አፈላዋለሁ፤ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪይዝ ድረስ። ከስጋው ጋር የሚቀላቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ምግቡ የእንግዳ ምግብ የሆነው ይህን ከተማርሁ ወዲህ ነው፤ ድስቱ ያበስላል እንጂ አያጠናክርም።

በወጥ በኩል ያለውንም እውነት ልናገር፤ ብዙ እህቶች ይህን ዕቃ የሚገዙት ለወጥ እንደሚሆን አስበው ነውና። ቁሌት አይችልም። ሽንኩርቱን ጥሬውን ከትቼ፣ ድልሁን ጨምሬ ቀይ ወጥ ሠርቼበታለሁ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላም የጥሬ ሽንኩርቱ ጠረን አልለቀቀም፤ በርበሬውም የተቀቀለ እንጂ የበሰለ አልመሰለም። ቁሌቱን ምድጃ ላይ በደንብ አብስሎ፣ ስጋውን ጨምሮ ከዚያ ወደዚህ ማዛወር ይቻላል፤ እንዲያ ሲሆን ቀይ ወጡ ያምራል። ዶሮ ወጥ ግን በምንም መንገድ አልሰጠውም። ቀይ ቦሎቄም ቢሆን ቀድሞ ምድጃ ላይ በኃይል ሳይፈላ በዝቅተኛው ደረጃ ቢሠራ ሆድ ክፉኛ ያውካል።

የዕቃው ሌሎች ጉድለቶች ብዙ አይደሉም። ሸክላው ከባድ ነው፤ ሞልቶ ሲነሣ ለወገብ ይከብዳል። የመጀመሪያው ሸክላዬ ገና ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ስከፍትበት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ስለዚህ ቀዝቅዞ ይታጠብ። የውጭ ግድግዳው ስለሚግል ትንንሽ ልጆች ካሉ ከጠረጴዛ ጠርዝ ይራቅ። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ግን አያሳስብም፤ እንዲህ ያለው መጠን ከ200 እስከ 300 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሠርቶ እንኳ አገር ቤት ያለው ትልቁ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ያህል አይደርስም። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመነጨው ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1940 አገኘ። እናቱ በሊትዌኒያ ሳሉ ዓርብ ማታ የሰንበቱን ምግብ ወደ ዳቦ ቤት ምድጃ እየወሰዱ እንደሚያሳድሩት ነግረውት ነበር። ክሮክ ፖት በሚል ስም በሰፊው መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለሰንበት ዕረፍት ታስቦ የተጀመረ ዕቃ እኔን የሌሊት ተረኛዋን ማገልገሉ አይገርመኝም።

እኔም ለበዓል ተጠቀምሁበት። በ2017 ዓ.ም. የእኛም የእነርሱም ፋሲካ ሚያዝያ 12 በአንድ ቀን ዋለ። ቅዳሜ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስጋውን ከትቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተመልሰን በሩን ስንከፍት የበርበሬው፣ የቅርንፉዱና የኮሰረቱ ሽታ ደረጃው ድረስ ወርዶ ተቀበለን። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የሚመለስ ሰው ይህን ሽታ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ለጾመ ሰው አልነግርም። ዶሮ ወጡ በክብሩ ቦታ ላይ ነበር፤ ባርባኮዋው ከጎኑ። ባለቤቴ በእንጀራ ጠቀለለው፤ የጤፉ ኮምጣጣነት የሎሚውን ቦታ ያዘ። እኔ ጥቂት አይብ ጣል አደረግሁበት፤ ማቃጠሉን ያበርድለታል፤ ሞክሩት። ልጆቹ በእሳት ላይ በሞቀ የበቆሎ ቶርቲያ፣ ከተከተፈ ሽንኩርት፣ ከድንብላል ቅጠልና ከሎሚ ጋር በሉት።

ከሰዓት በኋላ ዶኛ ከቤተሰቧ በዓል ወጥታ መጣች። ቆማ ሳለች በጣቷ አንድ ክር አንሥታ ቀመሰች፤ ከዚያ ሌላ። «ኦሬጋኖው የእኔ አይደለም» አለች። ከቁም ሣጥኑ የኮሰረቱን ማሰሮ አውጥቼ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ ዓይኗን ጨፍና ለረጅም ጊዜ አሸተተችው፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ላስቲክ ፈለገች። ግማሹን ቋጠርሁላት። በሚቀጥለው እሑድ ወንድሟ ጓሮ ጉድጓድ ይከፈታል፤ የበጉ ስጋ በኮሰረት እንደሚታሽ ነግራኛለች፤ እኔም ተጠርቻለሁ።